እጁን አንስቶ በር ላይ ስለቀረው ወንድም

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የድራማ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም የማስታወስ ችሎታዎ ደህና ነው? የመጨረሻውን የጠየቅኩት በክፋት አይደለም፤ ሰሞኑን በድራማዎ ውስጥ ያለፈውን የሚረሳ ሰው ስለተገኘ፣ ወደ ቢሮዎም እንዳይጋባ ሰግቼ ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የአርባ አራት ዓመት ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለች ባለአንድ በር ሱቅ ሁለት ረዳቶች ይዤ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የጠበበ ቀሚስ አሰፋለሁ። ይህን የምነግርዎት ማን ደፈረኝ ብለው በማጣራት እንዳይደክሙ ነው።

ክቡርነትዎ ባለፈው ወር በራስዎ ጣቢያ ቀርበው፣ እግርዎን አነባብረው፣ የእሑድ ከሰዓቱን ድራማ «ከአንዲት ጠባብ ቤት አውጥተን ዓለም አቀፍ ደረጃ ልናደርሰው ነው» ሲሉ ቆሜ አዳምጬዎታለሁ። ያስቆመኝ አክብሮት ይሁን ንዴት እስካሁን አልለየሁትም።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና ድራማውን የማያውቅ ሰውም ያነበው ይሆናል፣ እርስዎም ረስተውት ይሆናል፣ ስለዚህ ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። አንድ ዳቦ ጋጋሪ አለ፤ ነርስ የሆነች እህት አለችው። አባታቸው በጠና ሲታመሙ ጋጋሪው ለሥራ ሌላ ከተማ ነበር፤ እህትየው ሳታማክረው አባትየውን ከገዛ ቤታቸው አንስታ እሷ ጋ ወሰደቻቸው፣ ሽማግሌውም «አልጋዬን» እያሉ በሦስተኛው ሳምንት እሷ ቤት አረፉ። ወንድምና እህት ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። አለቀ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያየነው ይኸው ነው። ጣሪያ ያፈሳል፣ የቤት ኪራይ ይጨመራል፣ የነርሷ ልጅ ፈተና ትወድቃለች፣ ነርሷ የወንድሟን ዳቦ ቤት አልፋ ሁለት ሰፈር ተሻግራ የደረቀ ዳቦ ትገዛለች። አንድም ጥይት አልተተኮሰም፣ አንድም መኪና አልተገለበጠም።

ታዲያ ይመኑኝ፣ ሰኞ ሰኞ ሱቄ ሸንጎ ነበር። አንዷ ረዳቴ የጋጋሪው፣ ሌላዋ የነርሷ ወገን ሆነው መቀስ እስከመነፋፈግ ደርሰዋል። ለአዲስ ሱሪ ልትለካ የመጣች አንዲት የትራፊክ ፖሊስ፣ ክንዷን ዘርግታ እንደቆመች የነርሷ ነገር አንጀቷን በልቷት ስታለቅስ፣ ሜትሬን ጥዬ መሀረብ ፍለጋ ሮጫለሁ። ሰላምታ እንኳ በግድ የሚወጣው አከራያችን አንድ ሰኞ በሩ ላይ ቆሞ ክርክራችንን ሲሰማ ቆየና፣ ለእህቱ ከደወለላት ስንት ጊዜው እንደሆነ ለራሱ እያጉተመተመ፣ ስለ ኪራዩ ጭማሪ ሊነግረን የመጣውን ረስቶት ሄደ። በየሰዉ ቤት አንድ የማይነሳ ነገር አለ። ድራማዎ ያንን ነገር በየሳምንቱ ያነሳልን ነበር እንጂ ሌላ የተለየ ጥበብ አልነበረውም።

ከአምስት ሳምንት በፊት ጋጋሪው ትኩስ ዳቦ በፌስታል ይዞ የእህቱ በር ላይ ቆመ። ሊያንኳኳ እጁን አነሳ። ክፍሉ እዚያ ላይ አለቀ፤ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ የእርስዎ «አዲስ ምዕራፍ» ጀመረ። በዚህ ምዕራፍ ስላደረጉልን ነገር ቅሬታ ብዬ ሆድዎን ከማስባስ፣ ምስጋና ልበለውና በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ነርሷን ከሁለት ክፍል ቤቷ አውጥተው መዋኛ ገንዳ ያለው ቪላ ውስጥ ስላስገቡልን እናመሰግናለን። በየትኛው ደመወዟ ብዬ አልጠይቅም፤ የሰው ሲሳይ አያስቀናኝም። የቸገረኝ፣ ቤቱ ከመስፋቱ የተነሳ የተኳረፉ ሰዎች አይተያዩበትም። በድሮው ቤት ነርሷ ተቆጥታ ብትነሳ እንኳ የምትሄድበት ስለሌለ ተመልሳ እዚያው ትቀመጥ ነበር፣ ድራማውም ያለው እዚያ መቀመጧ ላይ ነበር። አሁን ስትናደድ ፎቅ ትወጣለች። ስትወጣ እናያለን፣ ስትወርድ እናያለን፤ ዕድሜ ለእርስዎ፣ የዕብነ በረዱ ደረጃ ሃያ ሦስት መሆኑን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ጋጋሪው እጁን እንዳነሳ፣ ዳቦውን እንደያዘ፣ መኪና መጥቶ ስለገጨውና ያለፈውን ሁሉ ስለረሳ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። ያቺ የትራፊክ ፖሊስ ደንበኛዬ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቷ በር ላይ የቆመ ሰው ሲገጭ አይታ እንደማታውቅ ነግራኛለች፤ እኔ ግን ለጥበብ ሲባል መንገዱ ወደ በሩ መጥቶ ይሆናል ብዬ ተከራከርኩልዎ። ስድስት ዓመት የተሸከመውን ቂም በአንድ ግጭት አራገፉለት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይሉ ነበር አበው፤ እርስዎ የተወጋውን አስረስተው ተረቱንም ገላገሉት። አሁን እህትየው ከማን ጋር እንደምትታረቅ ብቻ ቢጠቁሙን፤ ሰውየው እንኳን ሊታረቃት ማን እንደሆነችም አያውቃትም።

ሦስተኛ፣ ስድስት ዓመት ስሙ ተነስቶ የማያውቅ መንታ ወንድም ሽጉጥ ታጥቆ በሄሊኮፕተር ከውጭ አገር ስለመጣልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ያሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አላልኩም። መንታ የወለደች አንዲት ደንበኛዬ ግን፣ እናትየው አንዱን ልጅ ወልዳ እንዴት ሳታየው እንደቀረች እንዲያስረዷት በትሕትና ትጠይቃለች።

አራተኛውንም በቁጥር ላስቀምጠው አስቤ እጄ እምቢ አለኝ። ሳልቆጥር ልንገርዎት።

ወንድም አለኝ። ታላቄ ነው፣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት አባታችን በድንገት ታሞ ሆስፒታል ስናስገባው፣ ሐኪሙ አሁኑኑ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፣ ፈርሚ አለኝ። ወንድሜ ርቆ ሥራ ላይ ነበር። ደወልኩ፣ ደግሜ ደወልኩ፣ ስልኩ አልተነሳም፤ ፈረምኩ። አባቴ ከዚያ ክፍል በሕይወት አልወጣም። ወንድሜ ሲደርስ ለምን አልጠበቅሽኝም አለኝ፤ እኔም አንተ ስልክህን ለምን አላነሳህም አልኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ ሌላም ሌላም ተባባልን። ከዚያ ወዲህ አንዳችን ሌላችንን ጠርተን አናውቅም።

እናታችን ግን አንድ ናት፣ ቴሌቪዥኗም አንድ ነው። ዓይኗ ማየት ካቆመ ሦስት ዓመት ስለሆነው፣ እሑድ እሑድ አጠገቧ ተቀምጬ በቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየውን እነግራታለሁ፤ ወንድሜም ድራማውን ሰበብ አድርጎ ይመጣና በሩ ሥር ካለችው አጭር የእንጨት ዱካ ላይ ይቀመጣል። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ እንነጋገራለን፤ ለቴሌቪዥኑ ነው እንጂ ለእርስ በርሳችን አይደለም። እሱ ነርሷን እያየ «ወንድሟን ብትጠብቀው ምን ነበረበት?» ይላል። እኔ ጋጋሪውን እያየሁ «ሰው ስልክ ማንሳት ያቅተዋል?» እላለሁ፤ ለጋጋሪው ማንም ደውሎለት አያውቅም፣ እኔ ግን እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም አሽሙር ነበር። እያደር ግን ለዘብ አለ። አንድ እሑድ ነርሷ የሟች አባቷን ፒጃማ ብቻዋን ስታጥፍ ለእናቴ እየነገርኩ ሳለ፣ ወንድሜ ለቴሌቪዥኑ «ብቻዋን መሆኗ ከብዷት ነበር ለካ» አለ። የቀረውን ለእናቴ መንገር አቃተኝ። ክቡርነትዎ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ ከወንድሜ አፍ የሰማሁት ደግ ቃል ያ ነው፤ የተናገረውም ለእርስዎ ተዋናይት ነው።

እናቴ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ሳትታረቁ እንዳልሞት እያለች ስትለምነን ኖራ አሁን መለመኑን ትታዋለች፤ እኔን ያስፈራኝም መተዉ ነው። ጋጋሪው እጁን ያነሳ ዕለት ወንድሜ ከዱካው ብድግ ብሎ ነበር። እኔ ደግሞ ቀጣዩ እሑድ እስኪደርስ ስድስት ሱሪ ገልብጬ ሰፍቻለሁ። ልባችንማ ከለሰለሰ ቆይቷል፣ የጠፋን ቃሉ ነበር፤ ሰው እንዲህ ያለ በር አንኳኩቶ ሲከፈትለት መጀመሪያ የሚናገረውን ከጋጋሪው ልንማር ነበር። እርስዎ መኪና ላኩ። ዓለም አቀፍ እንዲሆን ከጠባቧ ቤት መውጣት አለበት አሉ እንጂ፣ እስቲ በሞቴ፣ በየትኛው አገር ነው ከገዛ ሥጋው ተኳርፎ በር ላይ ቆሞ የማያውቅ ሰው ያለው? ባለሄሊኮፕተሩ ነው ወይስ እኛ ነን የምንበዛው?

ሰበቡን ሲወስዱበት ወንድሜ ሁለት እሑድ ቀረ። አልፈረድኩበትም፤ መንታውን እያየ ምን ሊናገር ይመጣል? እናቴ ግን እሱ ያልመጣ ዕለት በሩ ሥር ያለችውን ዱካ በእጇ ዳሰሰችና ተኛች።

ባለፈው እሑድ መጣ። ተኩሱ ሲጀምር እናቴ ደንግጣ እጄን ስትይዘኝ፣ ወንድሜ ተነስቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘጋው። ምነው ብላ ብትጠይቀው፣ ድምፁ ተበላሽቷል፣ ዛሬ እኔ እነግርሻለሁ አላት። መንታው ሄሊኮፕተር እየተሳፈረ ሳለ ወንድሜ ለእናቴ፣ ጋጋሪው በሩን አንኳኳ፣ እህትየውም ከፈተች አላት። እናቴ «ምን አላት?» አለችው። ወንድሜ ወደ መሬቱ አቀረቀረ። ከዚያ «ስልኩ ሲጠራ ሰምቼው ነበር፣ የምትነግሪኝን ነገር ፈርቼ ነው ያላነሳሁት አላት» አለ።

እናቴ ፊቷን ወደ እኔ መልሳ፣ እሷስ ምን አለችው ብላ ጠየቀች። ክቡርነትዎ፣ የምለው ተጽፎ አልተሰጠኝም፣ ተራው ግን የእኔ ነበር። «ጋሼ፣ ብርድ ላይ አትቁም፣ ግባ አለችው» አልኩ። ወንድሜን ጋሼ ካልኩት ሰባት ዓመቴ ነው። እሱም ግንባሩን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ፣ እናቴም ሁለታችንንም ሳትጠራ እጆቿን ዘረጋች።

ስለዚህ ጋጋሪውን ያድኑልን፣ ቪላውን ያፍርሱልን ብዬ የማስቸግርዎት ነገር የለም። የዓለም አቀፍ ደረጃዎ ከዚህም ከፍ ይበል፣ ሄሊኮፕተርዎ ነዳጅ አይለቅበት፣ ጉዞዎ የቀና ይሁን እያልኩ፣ መርፌዬን በጥርሴ ይዤ፣ ከሱቄ ደፍ ላይ እጅ እነሳለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለችው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ወንድሜ በማግስቱ መጥቶ የቴሌቪዥኑ ድምፅ እንደተስተካከለ ሊነግራት ሲል እናቴ አቋረጠችው። ከስድስት ዓመቱ ሁሉ እንዳለፈው እሑድ ያማረ ክፍል ሰምታ እንደማታውቅ ተናግራ፣ ድምፁን ማንም እንዳይጠግነው አዝዛለች። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ በሚቀጥለው እሑድ የፈለጉትን ያህል ይተኩሱ።