ወተትን ከሳሙና የፈቱት የማዳም አራባ ኤሱዎን የሕይወት ታሪክ

ማዳም አራባ ኤሱዎን ከታንኳ ጠራቢው ከአባታቸው ከኮጆ ኤሱዎንና ዓሣ በጭስ እያደረቁ ይሸጡ ከነበሩት ከእናታቸው ከኤሲ ክዋንሲማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 11 ቀን 1944፣ በጋና ጠረፍ በምትገኘው በሻማ ከተማ ተወለዱ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሻማ ሜቶዲስት ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በሒሳብ የሚደርስባቸው አልነበረም፤ በዝማሬ ሰዓት ግን መምህራቸው አፋቸውን ብቻ እንዲያንቀሳቅሱ ይመክሯቸው ነበር።

በ1966 የባቡር መካኒክ ከነበሩት ከአቶ ኮቢና አርሂን ጋር ጋብቻ መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። በታኮራዲ ገበያ ሱቅ ከፍተው ሲሠሩ ቆይተው በ1979 የአንድ የቆርቆሮ ወተት ፋብሪካ ወኪል አከፋፋይ ሆኑ።

በ1987 ፋብሪካው አሥር ካርቶን ወተት የሚወስድ ሁሉ ራሱ ከሚያመርተው ሳሙና ሁለት ካርቶን አብሮ እንዲወስድ አዘዘ። ወተቱን ሁሉም ይፈልገዋል፤ ሳሙናው ግን ቀኑን ሙሉ ቢፈትጉት አረፋ አይወጣውም። ፋብሪካው ለወኪሉ፣ ወኪሉ ለባለሱቁ፣ ባለሱቁ ለጉልት ሻጯ ሳሙናውን ከወተቱ ጋር እያሰረ ይሸጥ ጀመር። ማዳም አራባም መጀመሪያ አስረው ሸጠዋል። ይህ ሳይሸፋፈን በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን አጥሚት ሻጯ መንሲማ ሳሙናውን መልሳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና «እትዬ አራባ፣ እኔ እኮ አጥሚት ሻጭ ነኝ። ይሄን ከበቆሎው ጋር ላማስለው?» አለቻቸው። ገበያው ሳቀ፤ እርሳቸው አልሳቁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወተቱን ለብቻው ሸጡ፤ ለፋብሪካውም ሳሙናውን ከእንግዲህ እንደማይረከቡ ጻፉ። ፋብሪካው ውክልናቸውን ነጠቀ።

በዚያው ዓመት ባለቤታቸው ከባቡር ሥራ ተቀንሰው ስለነበር የልጆቹ ትምህርት የተንጠለጠለው በዚያ ወተት ላይ ነበር። ቤተሰቡ ፈራ፤ እርሳቸውም ፈርተው ነበር። ቢሆንም ከመደብ መደብ እየዞሩ፣ ሳሙና የታሰረበትን ወተት ከማንም ላለመግዛት አርባ አንድ ሴቶችን አስማሙ። ቀድማ እሺ ያለችው መንሲማ ናት፤ «ደንበኛ ቢሰድበኝ ነው፣ አይገድለኝ» ብላ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ታኮራዲ ላይ ግን ድሩ አብሮ ፈታ። በአምስተኛው ወር የፋብሪካው የሽያጭ ኃላፊ ራሱ ሱቃቸው ድረስ መጣ። ወንበር ሰጥተው «ልጄ፣ ሳሙናችሁ አረፋ ያውጣ እንጂ ያለ ገመድም ይሸጣል» አሉት። ፋብሪካው ማሰሩን ተወ፤ ውክልናውም ተመለሰላቸው፤ ልጆቹም ትምህርታቸውን ጨረሱ። በዓመቱ የተሻሻለው ሳሙና ሲመጣ በገዛ እጃቸው ከመደርደሪያው ፊት ደረደሩት። መንሲማም ማንም ሳያስገድዳት ሁለት ገዛች።

ማዳም አራባ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማርች 9 ቀን 2019 በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ሦስት ልጆችና ስምንት የልጅ ልጆች ትተዋል። ሱቁን የያዘችው የመጨረሻ ልጃቸው ዛሬም ወተት ፈልጎ ለመጣ ወተት ብቻ ትሸጣለች። መንሲማም ይኸው ከፊት ወንበር ተቀምጣለች።

ለቤተሰባቸውና ለገበያው ሰው ሁሉ መጽናናትን እየተመኘን፣ በሰማይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲዘምሩ ይፈቀድላቸው እንላለን። የታሰረውን ሲፈቱ የኖሩትን ማዳም አራባን እግዚአብሔር ይፍታቸው።