በስድስት ሰዓት የተዛነፈች ጨረቃ

ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ጀይሉ፣ ቡታጅራ ካሉበት ይድረስልኝ።

አሰላሙ ዐለይኩም አባባ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ብርዱን ቻለው? እማዬስ ከሳሉ ተሻላት? ከብቱ፣ ጎረቤቱስ እንዴት ከረመ? እኔ አካሌ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ፤ ልቤም ደህና ነው ብዬ ግን ልዋሽዎ አልፈልግም።

በስልክ «ምርቃቴ የዘገየው መሣሪያው ተበላሽቶ ነው» ያልኩዎት ውሸት ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ሥራችን እንዲህ ነበር። ጨረቃን የምትዞር አንዲት ትንሽ መንኮራኩር ነበረች። ከሥሯ ያለው የጨረቃ መሬት ከበድ ሲል ይስባትና ትፈጥናለች፤ ያኔ የምትልከው የሬዲዮ ድምፅ በጥቂቱ ይለወጣል፣ አየር ጤና ፌርማታ ቆመው ታክሲ ክላክስ እያደረገ ሲያልፍዎት ድምፁ እንደሚቀያየረው። ከዚያ ተነስተን ጨረቃ የት የት እንደምትከብድ እናሰላለን። እኔና ሆሳዕና የምትባል የትምህርት ጓደኛዬ አራት ወር ሙሉ በየተራ እያዳመጥን፣ ድምፁንና ሰዓቱን በየደብተራችን ጻፍን። እሷ በፈረንጅ ሰዓት፣ እኔ በእኛው። አልተነጋገርንም።

ሁሉንም ቀላቅዬ ኮምፒውተር ላይ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ስጨርስ ደብተሮቹን ለአከራዬ ለእትዬ ዙቤዳ ሰጠኋቸው፤ ኮልፌ ገበያ በርበሬ ይቸረችራሉ፣ መጠቅለያ ቸግሯቸው ነበር። መንኮራኩሯ ጨረቃን የምትዞረው በሁለት ሰዓት ስለነበር፣ በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ያለው ስድስት ሰዓት ልክ ሦስት ዙር ሆነና ስህተቱ ተሸሸገብን። መምህራችን ሲደርሱበት የቱ የእኔ፣ የቱ የሷ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ገበያውን አስሼ ያገኘሁት አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ እሱንም በርበሬ አጥፍቶታል።

እንደገና ልሥራው እንዳልል፣ መንኮራኩሯ ነዳጇን ጨርሳ ባለፈው ወር ጨረቃ ላይ ወድቃለች። ትምህርት ክፍሉም ጊዜያችሁ አልቋል ብሎ አሰናብቶናል። ሆሳዕና አልተቆጣችኝም፤ ዕቃዋን ሰብስባ ወደ ወላጆቿ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አባባ፣ ለምርቃቴ ያሰቡትን ጀለቢያ አያሰፉ። መስጊድ «ልጅህ ጨረቃን መዘነ ወይ?» ብለው ሲጠይቁዎት፣ ሰዓት መጻፍ አቃተው ይበሏቸው።

እህቴን አልፊያን ከነልጆቿ ይሳሙልኝ። ታናሼ መህዲ አሁንም እንደ ወንድሜ እማራለሁ የሚል ከሆነ፣ ምን እንደምለው አላውቅም፤ ሰላም ይበሉልኝ። ለእማዬ ግን ራሴ መጥቼ እስክነግራት አይንገሯት። መቼ እንደምመጣም አይጠይቁኝ።

ልጅዎ ኢብራር
ኮልፌ ቀራንዮ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.