ፔዳሉን ለረገጡልኝ ለጋሼ ባጫ

ውድ ጋሼ ባጫ፣

የዝዋይ ሐይቅ ንፋስ ጉልበትዎን እንዴት አድርጎት ይሆን? እኔ በአካል ደህና ነኝ። መሠረተ ትምህርት ከጨረሱ ወዲህ በራስዎ እንደሚያነቡ ስለማውቅ ቃሌን በሰው አፍ አልላክሁትም። ቀስ ብለው ያንብቡት።

ያን ቀን እርስዎ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ነበሩ፣ እኔ ደግሞ እስረኛዎ። የቀበሌውን ፒክአፕ የኋላ ፍሬን ሰርቪስ ያደረግሁት እኔ ነበርኩ። የጎማዎቹን የፍሬን ታምቡር ከፍቼ፣ ያለቀውን ሸራ ቀይሬ፣ ከፍሬን ዘይቱ ቱቦ አየር አስወጥቼ ስዘጋ ሥራዬ አኩርቶኝ ነበር። ሞተሩን ሳስነሳ ግን ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የፍሬን መብራት እንደበራች ቀረች። ሊቀመንበሩ ጓድ ነገሪ አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር።

«ምንድን ናት እሷ?»

«የፍሬን ማስጠንቀቂያ ናት። ምክንያቷን ላጣራ።»

«መኪናው ሲገባ አልበራችም ነበር። በአብዮቱ ንብረት ላይ አሻጥር ጀመርክ?»

አሻጥር የምትለዋ ቃል ምን እንደምታመጣ አውቃለሁ። አጠገቤ ይሠራ የነበረው አብዱናሲር በአንድ በተቃጠለ ሞተር ሰበብ ተወስዶ፣ የት እንደደረሰ እናቱ እንኳ አታውቅም። እኔ ደግሞ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ «ጴንጤው» እየተባልኩ በጣት የምጠቆም ሰው ነኝ።

ጓድ ነገሪ ሁለታችንንም ጋራዡ ውስጥ ትቶ በሩን ከውጭ አስቆለፈው። በመስኮቱ በኩል የነገረዎትን አይረሱትም። «ነገ ወደ አሰላ ልሄድባት ነው። ማምሻውን ወደዚህ ስመለስ መብራቷ ካልጠፋች ለበላይ አካል አስረክበዋለሁ። ካመለጠህ በሱ ቦታ አንተ ትገባለህ።»

የናዝሬት ቀትር የቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ተኝቷል። እርስዎ ጠመንጃዎን ጭንዎ ላይ አጋድመው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። እኔ የእጅ ፍሬኑን አየሁ፤ ልክ ነው። የሱን ሽቦ ነቀልኩ፤ መብራቷ ንቅንቅ አላለችም። የፍሬኑ ዘይት ሙሉ ነው። ታምቡሮቹን እንደገና ከፈትኩ፤ አንድ ጠብታ የፈሰሰ ነገር የለም። ፔዳሉም ጠንካራ ነው። ምንም ጥፋት የለብኝም፤ እሷ ግን ትከሰኛለች።

«ልጄ፣» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ሽቦዋን ለምን ቆርጠህ አትገላገልም? እሷም ትጠፋ፣ እኛም እንውጣ።»

ፒንሳው እጄ ላይ ነበር። እውነቱን ልንገርዎት፣ ሽቦዋን ይዤያት ነበር። ያኔ የፒክአፗ ሾፌር አለማየሁ ትዝ አለኝ።

«ጋሼ፣ አለማየሁ ከአሰላ ሲመለስ ከኢተያ ወደ ደራ ቁልቁለቱን ሊወርድባት ነው። ውስጧ እውነተኛ በሽታ ካለ ማን ይነግረዋል?»

አምላክዎን ጠርተው «ያ ዋቃዮ! እንግዲያ ፈልጋት፣» አሉኝና ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ተነሡ።

መኪናው ሥር ተኝቼ ቱቦውን በጣቴ ስከተል ነው ነገሩ የገባኝ። የፊትና የኋላ ፍሬን ዘይት በሚለያይበት ቦታ መሃል ላይ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ብረት አለች። አንዱ ወገን ግፊት ሲያጣ ወደዚያ ትንሸራተትና መብራቷን ታበራለች። የኋላውን አየር ሳስወጣ ወደ ኋላ ሄዳ እዚያው ቀርታለች። ወደ መሃል ለመመለስ እኔ ከፊት ጎማ የአየር ማስወጫ ቡሎኑን ስከፍት፣ ሌላ ሰው ፔዳሉን በዝግታ መርገጥ አለበት።

«ጋሼ፣ ይርገጡልኝ።»

መጀመሪያ የረገጡት እርሻ ላይ አፈር እንደሚረግጡ በኃይል ነበር። «ጠፋች!» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ «ኧረ ተመለሰች!» ብረቷ መሃሉን አልፋ ወደ ማዶ ሄዳ ነበር። የፊቱን ዘግቼ ወደ ኋላ ጎማ ዞርኩ። «የተኛ ሕፃን እንደሚነኩ ይንኳት፣» አልኩዎት። ፔዳሉ በዝግታ ሲወርድ ከታች ይሰማኝ ነበር።

«ጠፋች!»

«አይልቀቁ!» ብዬ ጮኼ ቡሎኑን አጠበቅሁት። መብራቷ አልተመለሰችም። ከመኪናው ሥር ስወጣ እርስዎ መሪው ላይ ተደፍተው ይስቁ ነበር። በተቆለፈ ቤት ውስጥ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ጓድ ነገሪ ከአለማየሁ ጋር ገብቶ ዳሽቦርዱን አየ። ያመሰግነኛል ብዬ ነበር።

«አየህ፣ ስትፈልግ ታጠፋታለህ። ያበራሃትም ስትፈልግ ነው ማለት ነው።»

ባትጠፋ ጥፋተኛ፣ ብትጠፋም ጥፋተኛ። እርስዎ ግን ከመኪናው ወርደው ፊቱ ቆሙ።

«ጓድ፣ የረገጥኩት እኔ ነኝ። አሻጥር ከሆነ የኔም እግር አለበት። ሽቦዋን ቁረጥ ብዬ የመከርኩትም እኔ ነኝ፤ ሰው ይሞታል ብሎ እምቢ ያለኝ እሱ ነው።»

እኔን ለቀቀኝ፤ መካኒክ ያስፈልገዋል። እርስዎን ግን ወደ ዝዋይ፣ ወደ መንግሥት እርሻ ዘበኛ አድርጎ ሰደደዎት፤ ወደ ቤትዎም ዝር እንዳይሉ አዘዘ። ሲጭኑዎት ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ነበር። ምስጋናዬ ሌላ ጣጣ ያመጣብዎታል ብዬ ዋጥኩት። እነሆ ዛሬ አመሰግንዎታለሁ፤ አባቴም ቢሆን ከዚያ በላይ አይቆምልኝም ነበር።

ላይዎት ልመጣ የቀበሌ መሸኛ ወረቀት ስጠይቅ ጓድ ነገሪ «ፒክአፗን ማን ይጠግናታል?» ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ከከተማው ኬላ አልፌ አላውቅም።

ባለቤትዎ እትዬ ጉዲቱ እርስዎን የነጠቅኋቸው እኔ መስዬ ስለታየኋቸው ለብዙ ጊዜ ሰላምታዬን አይመልሱም ነበር። ገበያ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሻገራሉ። አልፈረድኩባቸውም። ሰሞኑን ግን ጋራዥ ድረስ መጡ።

«ቂም ደከመኝ፣ ነጋሳ። አለማየሁን ለምንልኝ፤ ወደ ዝዋይ ሲወርድ ይውሰደኝ።»

አለማየሁ ልመናዬን ሳልጨርስ እሺ አለ። ለጥየቃ ብለው መሸኛ አውጥተዋል፤ ይህን ደብዳቤ የሰጡዎትም እሳቸው ናቸው። እርስዎም ጠይቀውኝ ይመለሳሉ ብለው ይሆናል። አይመለሱም፣ ጋሼ። ልብሳቸውን በሙሉ ይዘው ነው የወጡት። በአፋቸው ሊነግሩዎት ፈርተው «ቤታችን ይወሰዳል ብሎ ይመልሰኛል፤ አንተ ጻፍለት» አሉኝ።

ቤቱን ባዶ ሲያገኘው ቀበሌው ይወስደዋል፤ አልዋሽዎትም። እኔ ከዚህች ከተማ አልወጣም፣ እርስዎም ከዚያ እርሻ አይወጡም። ከሦስታችን መንገድ የተከፈተላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የመረጡትም እርስዎ ካሉበት መግባትን ነው።

እባክዎ አይመልሷቸው።

አክባሪ ልጅዎ
ነጋሳ
ናዝሬት