ሳይመረቁ የማይደፋ አክሊል

ሰኞ፣ ጁላይ 7
ተመራቂዎች ራሳቸው ላይ የሚደፉትን የሎረል ቅጠል አክሊል ሱቄ ውስጥ ዘጠኝ ጎንጉኜ ዋልኩ። ጣቶቼ አሁንም ሎረል ሎረል ይሸታሉ። ሐሙስ የወንድሜ ልጅ ኤርሜስ ይመረቃል። የሱን ከራሴ ጓሮ ቆርጬ ነው የምሠራው። አባቱ ጋልዲኖ የፓዶቫ ከተማን ግማሽ ምሳ ጠርቷል። ቧንቧ ሊጠግን በገባበት ቤት ሁሉ "ልጄ መሐንዲስ ሆነልኝ" ሲል ነው የሚውለው።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8
አባትና ልጅ ሱቄ መጡ። የልጁን ራስ በክር ልለካ ብል እምቢ አለ።
"ተይው አክስቴ፣ በግምት ሥሪው።"
"ያባትህን ሐብሐብ ራስ ይዘህ በግምት?"
አልሳቀም። ጋልዲኖ ደግሞ የሰው አክሊል አንስቶ ሊደፋበት... ልጁ ወደ ኋላ ፈረጠጠ። ሳይመረቅ የደፋ አይመረቅም ይባላል፣ እኔም አምናለሁ። ግን ለዚህ ብሎ ፊቱ እንዲያ አመድ ይመስላል?

ረቡዕ፣ ጁላይ 9
ጠዋት አንዲት እናት መጣች። ልጇ የኤርሜስ የክፍል ጓደኛ ናት። አክሊሏን ለጁላይ 21 አዘዘች።
"ነገ አይደለም እንዴ የሚመረቁት?"
"ኧረ ነገ የነሱ ክፍል ምርቃት የለውም።"
ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። በጥንት ግሪኮች ተረት አንድ ጣዖት አምላክ ሲያሳድዳት የሎረል ዛፍ ሆና ያመለጠችው ልጅ ትዝ አለችኝ። እሷን ቢያጣ ቅጠሏን ራሱ ላይ አደረገ ይባላል። ባለቅኔና ሊቅ አክሊሉን የወረሱት ከሱ ነው። መጀመሪያ ያጣ ሰው መጽናኛ ነበር ማለት ነው... ታዲያ መቼ ነው የጉራ ያደረግነው?

ሱቁን ዘግቼ ኤርሜስ ጋ ሄድኩ።
"ስንት ፈተና ቀረህ?"
"አምስት" አለ። "ሁለት ዓመት ዋሸኋችሁ።"
"ነገ ምን ልትል ነበር?"
"እንጃ... ባይነጋ ብዬ ነበር።"
ፈራሁ። እጁን ይዤ እስካባቱ ቤት ድረስ አልለቀቅኩትም።

ኤርሜስ እዚያው ቆሞ ላባቱ ነገረው። ጋልዲኖ ጮኸ፣ ጠረጴዛ መታ። "ሰው ፊት እንዴት ነው የምቆመው?" አለ።
"መጀመሪያ ልጅህ ፊት ቁም። ነገ ባይነጋ ነው የሚለው" አልኩት።
ተቀመጠ። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ለእንግዶቹ አንድ በአንድ ደወለ። "ልጄ አልጨረሰም፣ ምሳው ቀርቷል" ይላል። ሰበብ አልጨመረም። ይህን ከጋልዲኖ አልጠበቅኩም።

ሐሙስ፣ ጁላይ 10
ነጋ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለኤርሜስ ደወልኩለት፣ አነሳው። የሱን አክሊል አልጎነጎንኩም።

እሑድ፣ ጁላይ 13
ኤርሜስ ደወለ።
"አባዬ 'መጽሐፍህን ክፈት፣ የከበደህን አሳየኝ' አለኝ።"
"እሺ?"
"አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ አንድ ሰዓት አፈጠጠበት። ከዚያ 'እኔም አልገባኝም' አለ።"
ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ስልኩን ስዘጋ ግን አለቀስኩ። በዚያ ቤት "አልገባኝም" የሚል ቃል ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።