አልጫ እንዳይሆንበት

ቡታጅራ፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ለሥራ ፈተና ወልቂጤ ውዬ ስመለስ፣ በመስታወት ገንዳ ከማረባቸው፣ ኮራል ከሚባሉት የባሕር እንስሳት ሁሉ አብልጬ የምወደው፣ እንደ ሕፃን መዳፍ ሲከፈትና ሲጨበጥ የሚውለው፣ ጭምድድ ብሎ ጠበቀኝ። አጎቴ ከጅቡቲ ያመጣልኝ እሱን ነው። እማዬን "ውሃው ከጎደለ ሙዪልኝ" ብያት ነበር። ሞልታለች፤ ጨውም ጨምራበታለች።

"የባሕር ነው አላልከኝም? ወላሂ፣ አልጫ እንዳይሆንበት ብዬ ነው!"

የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው እዚያው ይቀራል። ይህን ከየት ታውቀው? ከገንዳው ጨው የበዛበትን ውሃ እየቀነስኩ የተጣራ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እጨምራለሁ። በአንዴ ከሆነ ይሞትብኛል። እሷ ከገንዳው መስታወት ፊት አልተነሳችም።

"ልጄ፣ አልተከፈተም?"

"ሲመሽ ይተኛል፣ እማ።"

እሱ ግን ሲመሽም አይተኛም። ይኸው መብራቱን አጥፍታ፣ እንዳይነቃ በሹክሹክታ ታወራኛለች።