ወይዘሮ ሂልዳ ሱትክሊፍ እና ሦስተኛው ገንዳ

ወይዘሮ ሂልዳ ሱትክሊፍ በተወለዱበት ቀን ጎረቤታቸው ሚስስ በትስ እንኳን ደስ አላችሁ ለማለት መጡ። ከምድጃው አጠገብ በነጭ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር አይተው ጎንበስ አሉና፣ «እንዴት ታምራለች! ቁርጥ አባቷን» አሉ። አባት አቶ አልበርት ሆልሮይድም፣ «ስምንት ወሯ ነው፤ ቅዳሜ ትወዳደራለች» ሲሉ መለሱላቸው። በፎጣው ውስጥ የነበረችው ታጥባ በመድረቅ ላይ ያለች ነጭ ቄብ ዶሮ ነበረች። ሂልዳ ፎቅ ላይ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ማርታ ጎን ተኝተው ነበር። ወይዘሮ ሂልዳ ይህን ሲያነሡ፣ «እኔ እኮ ገና ስወለድ ሁለተኛ የወጣሁ ነኝ» ይሉ ነበር።

ዕለቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኅዳር 9 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ቦታው በዮርክሽር የምትገኘው የሃርተንሾ መንደር ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ እህታቸው ወይዘሮ ኖራ ተወለዱ።

አቶ አልበርት ዋያንዶት የሚባሉ ነጭ ዶሮዎችን ለውድድር ያዘጋጁ ነበር። ከእያንዳንዱ ትርዒት በፊት ዶሮዋ በሦስት ገንዳ ትታጠባለች፤ በመጀመሪያው በሳሙና፣ በሁለተኛው በንጹህ ውሃ፣ በሦስተኛው ደግሞ ነጭ ልብስ የሚያደምቀው ሰማያዊ ዱቄት በተበጠበጠበት ውሃ። ዱቄቱ ሲያንስ ላባው ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሲበዛ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። አባትየው ሥራውን ለልጆቻቸው ሲያከፋፍሉ፣ «ሂልዳ እጅ አላት፣ ኖራ ዐይን አላት» አሉ። ስለዚህ ሂልዳ በዶሮዋ እግር ቅርፊት ሥር የገባውን እድፍ በስንጥር እንዲያወጡ ተመደቡ። ሦስተኛው ገንዳ ለኖራ ሆነ። ይህች አንዲት ቃል ከወይዘሮ ሂልዳ ልብ እስከ መጨረሻው አልወጣችም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደሩ ትምህርት ቤት ተከታትለው በአሥራ አምስት ዓመታቸው የሱፍ ፋብሪካ ገቡ፤ በክር አጠንጣኝነትም ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገሉ። በ1959 አባታቸው ሲያርፉ ዶሮዎቹ ለሁለቱ እህትማማቾች እኩል ተከፈሉ። በ1960 ወይዘሮ ኖራ በሚያዝያ ተዳሩ፤ ወይዘሮ ሂልዳም በዚያው ዓመት በመስከረም የአውቶቡስ ሹፌሩን አቶ ዋልተር ሱትክሊፍን አገቡ። አቶ ዋልተር፣ «ኖራ ባታገባ ኖሮ እኔ እስካሁን ወንደላጤ ነበርኩ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ኪት እና ጁን የተባሉ ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

በ1961 ወይዘሮ ሂልዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻቸው ዶሮ አጥበው ለውድድር አቀረቡ። የሦስተኛውን ገንዳ መጠን በግምት አደረጉት። ዶሮዋ ደርቃ ስትወጣ ልክ እንደ ጠዋት ሰማይ ሰማያዊ ሆነች። ዳኛው ከዶሮዋ የሽቦ ቤት ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ቆመው፣ «እሜቴ፣ ይቺን ከየትኛው ዘር ልመድባት?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ቀዩን የአንደኛነት ካርድ የወሰዱት ወይዘሮ ኖራ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ሂልዳ ሦስተኛውን ገንዳ እርግፍ አድርገው ተዉት። ዶሮዎቻቸው በአቋምም በእግርም የሚወዳደራቸው አልነበረም፤ ከእህታቸው ዶሮ ጎን ሲቆሙ ግን ላባቸው የቆየ ወረቀት ይመስል ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ኖራ በቀረቡበት ውድድር ሁሉ የሁለተኛነቱን ሰማያዊ ካርድ ይዘው ተመለሱ። ካርዶቹን ሳያዩ አጥፈው በቡና ቆርቆሮ ውስጥ ይከቷቸው ነበር።

ወይዘሮ ኖራ በየዓመቱ፣ «ጠይቂኝ እንጂ» ይሏቸዋል።

«አንቺን ከምጠይቅ ዶሮዬ ትጥቆር» ይላሉ ወይዘሮ ሂልዳ።

በዚህ መሐል ሁለቱ እሑድ እሑድ አብረው ምሳ መብላት አላቋረጡም። አቶ ዋልተር በ2004 ሲያርፉም ለአርባ ቀን እህታቸው ቤት ውለው ያደሩት ወይዘሮ ኖራ ናቸው።

ወይዘሮ ሂልዳ ከ2018 ጀምሮ በልብ ሕመም ሲሠቃዩ ቆዩ። ባለፈው ኅዳር የትርዒቱ ቀን ሲቃረብ ዶሮ አንሥተው ገንዳ ውስጥ ማስገባት አቃታቸው። ወይዘሮ ኖራ ገንዳቸውን መኪና ላይ ጭነው መጡ።

«አልጠየቅሁሽም» አሉ ታማሚዋ ከወንበራቸው ሳይነሡ።

«አልጠየቅሽኝም» አሉ እህትየው፤ እጅጌያቸውንም ሰበሰቡ።

የእግሩን ሥራ ወይዘሮ ሂልዳ ማንም እንዲነካባቸው አልፈቀዱም። ዶሮዋን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጫፋቸውን ራሳቸው ቆልመም አድርገው በጠረቧቸው ስንጥሮች እያንዳንዷን ቅርፊት አጸዱ። ወደ ሦስተኛው ገንዳ ሲደረስ ወይዘሮ ኖራ አንድ ነጭ ሳህን ከገንዳው ውሃ ሥር አስቀመጡ። ከዚያ ሳህኑ በውሃው ውስጥ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ይዞ ውሃ የበዛበት ወተት እስኪመስል ድረስ ዱቄቱን በቁንጥር በቁንጥር ጨመሩ።

ወይዘሮ ሂልዳ ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው ሳህኑን አዩ። ከዚያም፣ «ሳህን ነው? ዕድሜ ልኬን በሳህን ነው የተቃጠልኩት?» አሉ።

በማግስቱ የሁለቱ ዶሮዎች ጎን ለጎን ቀረቡ። ዳኛዋ፣ ነጭነታቸው እንደማይለይ፣ በእግር ጥራት ግን የወይዘሮ ሂልዳ እንደምትበልጥ ጻፉ። ወይዘሮ ኖራ ቀዩን ካርድ ይዘው ወደ እህታቸው አልጋ ሲመጡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

«የእኔዋንም እግር ልታጸጂልኝ ትችይ ነበር» አሉ።

«ጠይቂኝ እንጂ» አሉ ወይዘሮ ሂልዳ።

ያን ቀን ሾርባቸውን ጨርሰው መጠጣታቸውን፣ ካርዱንም ከውሃ ብርጭቋቸው ጋር አስደግፈው ማቆማቸውን ያስታመሟቸው ሁሉ ይመሰክራሉ።

ወይዘሮ ሂልዳ ታኅሣሥ 3 ቀን 2019 ዓ.ም. በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ። ሁለት ልጆችን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ አንዲት እህትንና አሥራ አንድ ነጭ ዶሮዎችን ትተው ሄደዋል። ነጩን ከነጭ መለየት የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ያለ እድፍ ይቀበልልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ኖራ በእህታቸው ኑዛዜ መሠረት ቀዩን ካርድ ሁለት ጊዜ አንብበው በሬሳ ሣጥኑ ውስጥ በሟቿ እጅ አኖሩት። ስንጥሮቹን በቦርሳቸው ይዘው ሄዱ።