ባለፍሪሲዮኗ ስዊፍት

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 9

ውድ እህቴ ማስተዋል፣

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ሲደርስሽ ክፉ ነገር መጣ ብለሽ እንዳትደነግጪ። አባባ አለ፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ዜና እየሰማ ይቆጣል። እኔም ደህና ነኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ ከአንቺ ጋር ሳወራ መዋሸት ስለሚቀናኝ ነው። «እንዴት ነሽ ማስቱዬ» ብዬ ስጀምር ድምፄ ራሱ ይለሰልስና የሆዴን በሆዴ ይዤ ስልኩን እዘጋለሁ። ወረቀት ላይ ግን እንዲህ ያለው ጨዋነት አይመጣልኝም። ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ እሱን ከመጠየቄ በፊት የማያኮራኝን ነገር ልናዘዝ።

እቀናብሻለሁ። ዛሬ የጀመረኝ አይደለም፤ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ነው። በባልሽ አልቀናሁም፣ በሐዋሳው ቤትሽም፣ በልጆችሽም አልቀናሁም፤ እነሱን እግዜር ይባርክልሽ። እኔ የቀናሁት አባባ መኪና መንዳት ሲያስተምርሽ ፊቱ ላይ ባየሁት ነገር ነው። እኔን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከነጯ ፔጆ ልጀምር። አንቺ አሥራ ስምንት ሞልቶሽ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስታችን የአንኮበርን መንገድ እንይዛለን፤ አንቺ መሪው ላይ፣ እሱ ከጎንሽ፣ እኔ ከኋላ። የፔጆዋ የእጅ ፍሬን ስለማይዝ እኔ ጭኔ ላይ ድንጋይ ታቅፌ ነበር የምሄደው። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጠፋብሽ አባባ «ሕይወት፣ ታኮ» ይላል፤ ዘልዬ እወርድና ድንጋዩን ከኋላ ጎማው ሥር እሸጉጣለሁ። አንቺ ፍሪሲዮን ረግጠሽ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተሽ፣ መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች ስትነሳ እሱ «ጎሽ፣ ጎሽ የኔ ልጅ» ይልሻል። እኔ ድንጋዬን አንስቼ በአቧራው ውስጥ እየሮጥኩ እደርስባችኋለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ረስታችሁኝ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሄዳችኋል። ስደርስ ሁለታችሁም ትስቁ ነበር። እኔ አልሳቅሁም።

አባባ ሃያ ዓመት ሙሉ በኤንትሬ የጭነት መኪና ጣርማ በርን አቋርጦ ደብረ ሲና ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። ያን ሁሉ ዕውቀቱን ለአንቺ ሰጠሽ። «ሞተሩን ስሚው፣ ማርሹን መቼ እንደምትቀይሪ ራሱ ይነግርሻል» ይልሽ ነበር። «ዳገቱን በወጣሽበት ማርሽ ነው ቁልቁለቱን የምትወርጂው» ይልሽ ነበር። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝኩት። የእኔ ተራ ሲደርስ ፔጆዋ ተሸጣለች። መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት ማሠልጠኛ ገብቼ ነው። አስተማሪዬ ከመንገዱ ይልቅ ስልኩን የሚያይ ሰው ነበር፤ አንድም ቀን ጎሽ አላለኝም።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት አንኮበር ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ መመደቤን ታውቂያለሽ። በዚህ ውርጭ በየማለዳው ሚኒባስ እስኪሞላ መቆም አጥንቴ ውስጥ ሲገባ፣ መኪና ልገዛ ወሰንኩ። ለሥራ መመላለሻ የምትሆን፣ ግን ደግሞ ደስ የምትል፣ ዳገት ላይ የማታፍር መኪና ነበር የፈለግሁት። ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ እንኳ ትንሽ መቅበጥ አማረኝ። ሰፈራችን መኪና የሚያሻሽጠው ቃለ አብ ሁለት ስዊፍት አሉኝ ብሎ ጠራን። ሁለቱም የአንድ ዓመት ምርት ናቸው፤ አንዷ ቀይ ማንዋል፣ አንዷ ግራጫ አውቶማቲክ። አባባን ይዤው ሄድኩ።

ቃለ አብ ምላሱ ማር ነው። «ጋሼ ገብረ ጻድቅ፣ እርስዎ ባሉበት እኔ ምን አውቄ» ብሎ ጀመረ። «ለከተማ፣ ለመጨናነቅ ከሆነ አውቶማቲኳ ታሳርፋለች። ለአንኮበር ዳገት ግን ማንዋሏ ናት፤ ጉልበቷን በእጅሽ ነው የምታዢው። ግራጫዋ ታደርስሻለች፤ ቀይዋ ታጫውትሻለች።»

እኔ ቀይዋን ገና ሳያት ልቤ ሄዷል። ወንበሯ ወገብ ይይዛል፤ የማርሽ ዘንጓ አጭር ናት፤ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስትገባ ቀጭ የምትል ድምፅ አላት። አባባ ግን ቀይዋን ዘወር ብሎም አላያት። ግራጫዋን ዞሮ ዞሮ አያት፣ የሹፌሩን በር ከፍቶ ገባ፣ መሪዋን ይዞ ብዙ ተቀመጠ። ከዚያ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ይቺን ውሰጂ» አለኝ።

ማን እንደሚለው አስቢ። አውቶማቲክ መኪና ባየ ቁጥር «ይሄ እኮ መኪና አይደለም፣ ሊፍት ነው» የሚል ሰው። አንቺ ያቺን ሰማያዊ ያሪስ የገዛሽ ሳምንት «ማስተዋልን የመሰለ ሹፌር ሊፍት ላይ ወጣች» እያለ ምሳውን እንኳ በደንብ አልበላም። ለአንቺ ሊፍት ውርደት ነው፤ ለእኔ ሲሆን ይበቃል ማለት ነው። አንጀቴ አረረ ማስቱዬ። ቃለ አብ ፊት መሆኔን ረስቼ «ለምን?» አልኩት።

«ይቀልሻል።»

«ለማስቱስ ለምን ይቀላታል አላልክም?»

ከመኪናዋ ለመውጣት በሩን ያዝ አድርጎ «ያ ጊዜ ሌላ ነው» አለኝ። ምኑ ነው ሌላ ብዬ አልጠየቅሁም። እኔ የማውቀውን አውቄ ጨርሻለሁ፤ እሷ ልጅህ ናት፣ እኔ ታኮ አቀባይ ነኝ አልኩ በሆዴ። እዚያው ቆሜ ለቃለ አብ ቀይዋን ነው የምወስደው አልኩት። አባባ «አልጋ ሲሉት አመድ» ብሎ አጉረመረመ።

ቀይዋን መንዳት እንዴት ደስ እንደሚል ልንገርሽ? ልነግርሽ እፈልጋለሁ፤ እንድትቀኚ። ማለዳ ጉሙ ከገደሉ ሲወጣ በሦስተኛ እየሄድኩ፣ መታጠፊያው ሲመጣ ወደ ሁለተኛ መልሼ፣ ሞተሩ ሲያጓራ ሰምቼ ስወጣ፣ ሰውነቴ ሁሉ ነቅቶ ነው አንኮበር የምደርሰው። ሞተሯ አንድም ቀን ዳገት ላይ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ፎቶዋን ስልክልሽ «ወይኔ፣ ማርሽ እንዴት ናፈቀኝ፤ ይሄ አውቶማቲክ እንቅልፌን ነው የሚያመጣው» ብለሽ የጻፍሽልኝን ሦስት ቀን ሙሉ እየከፈትኩ አነበብኩት። ለአንድ ጊዜ እንኳ እኔ ያለኝ አንቺ የሌለሽ ነገር ተገኘ።

የጎደለኝ አባባ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው እሑድ ለምኜ ከጎኔ አስቀመጥኩት። እስክንመለስ ድረስ በመስኮት እያየ ሄደ። እዚያ ክፉ ዳገት ላይ ቆሜ፣ በእጅ ፍሬን ይዤ፣ አንድ ጣት እንኳ ወደ ኋላ ሳልንሸራተት ሳስነሳት ጎሽ ይለኛል ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ነበር። ምንም አላለም። በሚቀጥለው እሑድ «ቁሩ አልተስማማኝም» ብሎ ቀረ። አኩርፎኛል አልኩ። እኔም ብሼ አኮረፍኩት። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት ጨው አቀብለኝ፣ ጨው አቀብይኝ ብቻ ሆነ ወሬያችን።

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት ወፍጮ ቤት ሄጄ ስመለስ የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ልገፋው ስል አባባን አየሁት። ቀይዋ ውስጥ፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሞተሩን አላስነሳም። ሁለት እጆቹን ግራ ጉልበቱ ላይ ደራርቦ ወደታች ይጫናል። መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ አልገባኝም። በኋላ ነው ፍሪሲዮን ለመርገጥ እየታገለ መሆኑ የታየኝ። ግማሽ ድረስ ይወርድለትና እግሩ ይንሸራተታል። ያርፋል፤ ግንባሩን በክንዱ ይጠርጋል፤ እንደገና እግሩን በእጁ አንስቶ ፔዳሉ ላይ ያስቀምጠዋል። በዚያ ብርድ አልቦት ነበር። አራት ጊዜ ሲሞክር ቆጠርኩ። አምስተኛውን ማየት አልቻልኩምና በሩን አንኳኩቼ ገባሁ።

ሲያየኝ እንደ ሌባ ደነገጠ። «ወንበሯን ልሞክራት ብዬ ነው» አለኝ።

«እግርህን ምን ሆንክ አባባ?»

«ምንም።»

«አይቼሃለሁ።»

ከዚያ በኋላ አልደበቀኝም። ከነሐሴ ጀምሮ ነው አለኝ። ለእኔም ሳይነግር ሐኪም ዘንድ ሄዷል፤ ነርቭ ነው፣ ይሄ እግር እንደ ድሮው አይሆንም ብሎታል። «ቀኙ ግን ምንም አልሆነም። አውቶማቲክ ከሆነ ያለ ችግር ትነዳለህ ብሎኛል» አለኝ፤ ይህን ሲል ድምፁ እንደ ልጅ ሆነ።

«ታዲያ ቃለ አብ ዘንድ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? አንቺ ለፍተሽ የምትገዢውን መኪና በእኔ እግር ለኪው ልበልሽ?»

ወደ እኔ ሳያይ መሪውን በአውራ ጣቱ እያሻሸ ቀጠለ። «አሳቤማ ጠዋት ጠዋት አንኮበር አድርሼሽ ልመለስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ መጥቼ ልውሰድሽ ነበር። አንቺን በዚያ መንገድ አጠገቤ አድርጌ ሄጄ አላውቅም። ሁልጊዜ ከኋላ ነበርሽ።»

ያውቅ ኖሯል ማስቱዬ። ከኋላ መሆኔን ያውቅ ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁትን፣ ከአባባ ጎን ተቀምጦ መሄዱን፣ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ሊሰጠኝ አስቦ ግራጫዋን ውሰጂ አለኝ። እኔ ደግሞ ለአንቺ ያደረገልሽን ነፈገኝ ብዬ በእልህ ቀይዋን ወሰድኩ። በአንቺ የቀናሁበትን ነገር በገዛ ቅናቴ አባረርኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ፤ እኔ እንኳ የምለቅመው ቢኖረኝ ጥሩ ነበር። ጓዳ ገብቼ ዱቄቱን እንደተሸከምኩ አለቀስኩ።

ሰኞ ቃለ አብን ሮጬ ያዝኩት። ግራጫዋ ተሸጣ ደነባ ሄዳለች። ሌላ አውቶማቲክ ፈልግልኝ አልኩት፤ ከውጭ የነዳጅ መኪና መግባት ከቆመ ወዲህ እንደልብ አይገኝም፣ ከተገኘም ለክረምት ነው አለኝ። ለክረምት ደግሞ የአባባ ቀኝ እግር ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል።

ስለዚህ ልለምንሽ ነው። ለፋሲካ በያሪስሽ ትመጫለሽ አይደል? ያሪስሽን እዚህ ተዪና ስዊፍቴን ይዘሽ ተመለሺ። ማርሽ ናፈቀኝ ያልሽው ከአንገት በላይ ካልሆነ ጥሩ መኪና ነው የምሰጥሽ። ለአባባ ግን ለእግሩ ተብሎ መሆኑን እንዳትነግሪው፤ ሊፍቱ ሰለቸኝ፣ እንቀያየር ብዬ ለመንኳት በዪው። እኔ ብለው አይቀበለኝም። አንቺ ካልሽው ያምናል፤ አንቺ ያልሽውን ሳያምን ቀርቶ አያውቅም። ይህን የምጽፈው ጥርሴን ነክሼ ነው።

ምን እንደሚከተልም አውቃለሁ። አንቺ ያቺን ቀይ መኪና ከግቢ ስታወጪ በረንዳ ላይ ቆሞ «አያችሁ፣ ሹፌር ማለት ማስተዋል ናት» ይላል። እኔ ያን ሁሉ ዳገት ስወጣባት ያላለኝን ለአንቺ ገና በር ሳታልፊ ይልሻል። እየሰጠሁሽም እቀናብሻለሁ፤ ንጹሕ ልብ ኖሮኝ አይደለም የምሰጥሽ። ቁልፉን ስትቀበዪኝ ፊቴ ቢጠቁር እንዳትቀየሚኝ።

ሁለተኛ ማርሿ ጠዋት ሞተሩ እስኪሞቅ ትንሽ ታስቸግራለች፤ አታስገድጃት። ልጆቹ ከኋላ ሲቀመጡ ጫማቸውን ወንበሩ ላይ እንዳይሰቅሉ። ባልሽ ልንዳት ቢልሽ እንቢ በዪው፤ ፍሪሲዮን ላይ እግሩን ጭኖ እንደሚነዳ ራስሽ ነግረሽኛል።

አንድ ቃል ብቻ ግቢልኝ። ያሪሷን ያገኘ ቀን አባባ ደስታው አያስቀምጠውም። «ማስቱ፣ ነይ እስኪ አንኮበር ድረስ ልውሰድሽ» ይልሽ ይሆናል። የመንገድ ድካም አለብኝ ብለሽ ተኚ። የመጀመሪያውን ቀን ከጎኑ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

አሁንም የምትቀናብሽ ታናሽ እህትሽ፣
ሕይወት ገብረ ጻድቅ